ይቀባ ወይስ ይነከር? «ማቅለም» በሚለው ግስ ላይ ሐዋሳ ውስጥ የተከፈተ የውይይት ክር

መነሻ ጽሑፍ

ለዚህ መድረክ አባላት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምጠይቀው የቃል ጉዳይ ቢሆንም የተነሣው ከቤታችን ሐዘን ነው። አባታችን ካረፉ በኋላ እናቴ በበዓል ቀን የምትለብሰውን ነጭ የጥጥ ቀሚስ አንሥታ ሰጠችኝና አጥቁረሽ አምጪልኝ አለችኝ። አዲስ ጥቁር ልብስ ልግዛልሽ ብላት እሺ አላለችም፤ ቀሚሱን የገዙላት አባቴ ስለ ነበሩ ሐዘኑንም በዚያው ልብስ ልትወጣ ፈለገች። እኔም ልብስ ወደሚያጠቁሩበት አንድ ቤት ሄጄ ቀለም እንዲቀቡልኝ ጠየቅኩ። የተቀበለኝ ወጣት ቀሚሱን እያገላበጠ እንዲቀባ ነው ወይስ እንዲነከር የምትፈልጊው ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። ሁለቱም ቃላት ከልጅነቴ ጀምሮ በአፌ የኖሩ ናቸው፤ ልዩነታቸውን ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቀሚሱን ተቀበልኩ። ጨርቁ እኩል ጠቁሯል፤ ነጠብጣብም የለበትም። ቤት ገብቼ በመስኮቱ ብርሃን ስዘረጋው ግን ስፌቱ በሙሉ ነጭ እንደ ሆነ ቀርቷል፤ የአንገቱ ዙሪያ፣ የእጅጌው ጫፍ፣ የጎኑ መጋጠሚያና የታችኛው እጥፋት በጠመኔ የተሠመሩ ይመስሉ ነበር። ይዤው ስመለስ የተሰጠኝ ማብራሪያ ክሩ ቀለም አልቀበልም ብሏል የሚል ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ «ማቅለም» የሚለውን ግስ በሐዋሳ ሰው በየቀኑ ንግግሩ ውስጥ ይጠቀምበታል ወይ የሚለው ነው። የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው፤ መቀባት ቀለምን በነገሩ ላይ ማሳረፍ፣ ማቅለም ደግሞ ቀለምን ወደ ነገሩ ውስጥ ማስገባት ሲሆን፣ መንከር የሁለተኛው አሠራር ስም ነው። ማቅለም የቀድሞ ቃል ነው፤ ዛሬ ግን ሁሉንም «ቀለም መቀባት» በሚለው ውስጥ አጭቀን የነበረንን ልዩነት እያጣን ነው እላለሁ። ሁለተኛው፣ ክሩ ለምን እንዳልተቀበለ የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲነግረኝ ነው።

ከዚህ በታች የተሰጡትን ምላሾች፣ የውይይቱ ክር ረዝሞ ለማንበብ ያስቸገራቸው ሰዎች ስለ ጠየቁኝ፣ በየተራቸው በራሴ አነጋገር አቀርባቸዋለሁ።

1ኛው ምላሽ የመጣው በዚያው ምሽት ነው። ጸሐፊው አስቀድመው አጽናኑኝ፤ ከዚያም በትሕትና አስተያየቴን እንደማይቀበሉት ገለጹ። እሳቸው እንደሚሉት ልጅ የሣለውን አበባ ቀለም ይቀባል፣ ሙሽራ ጥፍሯን ትቀባለች፣ ቤት ይቀባል፣ አጥር ይቀባል፤ ሰሚው የትኛው አሠራር እንደ ሆነ ከዕቃው ይረዳዋል። ቋንቋ ሸክሙን ሲያቀልል መጥፎ ነገር እንዳደረገ አይቆጠርም የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ነገር ግን እኔ ከዕቃው አልተረዳሁትም ነበር፤ ወጣቱ ሲጠይቀኝ ዝም ያልኩትም ለዚህ ነው።

2ኛው ምላሽ የቤት ቀለም ቀቢ ነው። ታቦር ተራራ ሥር ባለው ሰፈር እንደሚኖርና ለዓመታት በዚህ ሙያ እንደ ቆየ ገልጾ፣ እርሱ የሚሠራው መቀባት እንጂ ሌላ ነገር እንዳልሆነ በእርግጠኝነት ጻፈ። ግድግዳው በስቱኮ ይደፈናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ የመጀመሪያው እጅ ይቀባል፣ ሲደርቅ ሁለተኛው እጅ ይደረብበታል። የብረት በር ከሆነ መጀመሪያ የዝገት መከላከያው፣ ከዚያ በአኳራጅ የቀጠነው የዘይት ቀለም ይከተላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ቀለሙ ከግድግዳው ጋር አይዋሐድም፤ ልብስ እንደ ለበሰ ሰው ግድግዳው ከሥር ራሱን እንደ ቻለ ይኖራል። ከዚያ ይህ ሰው ውይይቱን ሁሉ ሲያነታርክ የከረመውን መለያ ሰጠን። የተቀባ ነገር ሲያረጅ ይላጣል፤ የተነከረ ነገር ሲያረጅ ይለቃል። ግድግዳ ቀለሙ ለቀቀ አይባልም፤ ነጠላም ቀለሙ ተላጠ አይባልም። ልዩነቱን የጠበቀው ቀለም የሚጨመርበት ግስ ብቻ ሳይሆን ቀለሙ የሚሄድበት ግስ ጭምር ነው ማለት ነው። ይህን ሳነብ ቀሚሱን አጠገቤ አድርጌ ነበርና ጣቴን በምራቄ አርሼ እጅጌውን አሸሁት፤ ጣቴ ላይ ቀጭን ጥቁር ምልክት ቀረ።

3ኛው ምላሽ የሁለተኛውን ጥያቄዬን መልስ ይዞ መጣ። ጸሐፊዋ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ላይ በማቅለሚያ ክፍል የሠራች ባለሙያ ናት፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ማቅለም የሚለው ቃል ጠዋት ተገብቶ ማታ እስኪወጣ የሚነገር የሥራ ቃል እንደ ሆነ ነገረችን። ጥጥ የሚቀለመው በአብዛኛው ሪአክቲቭ በሚባል የቀለም ዓይነት ነው። ቀለሙ በውሃ ይሟሟል፤ ጨርቁ ይገባበታል፤ ጨው ይጨመራል፤ ጨውም ቀለሙን ከውሃው እየገፋ ወደ ጥጡ ያስጠጋዋል። ከዚያ ሶዳ አሽ ሲጨመር ውሃው አልካሊ ይሆንና ቀለሙ ከጥጡ ጋር በኬሚካል ይያያዛል፤ ሙቀቱ እንደ ቀለሙ ዓይነት ቢለያይም 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሳይያያዝ የቀረው ቀለም ደጋግሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና ካልታጠበ፣ ልብሱ የሚያስቀምጠው በቆዳችንና በሌላ ልብሳችን ላይ ነው። ጣቴ ላይ የቀረው ምልክት ይህ ነው፤ ቀሚሱ በሚገባ አልታጠበም።

ክሩን በተመለከተ ግን የነከሩልኝን ሰዎች አልወቀሰችም። ዛሬ ልብስ የሚሰፋበት ክር በአብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ጨርቁ መቶ በመቶ ጥጥ ቢሆንም እንኳ። ፖሊስተር የጥጥን ቀለም አይቀበልም፤ የራሱ ዲስፐርስ የሚባል ቀለም አለው፤ እርሱም ውስጡ እንዲገባ 130 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስና ግፊት ባለው መኪና ውስጥ መሆን አለበት። ስለዚህ በአንድ በርሜል ውስጥ አብረው የገቡ ጨርቅና ክር አንዱ ጠቁሮ፣ ሌላው እንደ ነበረ ሆኖ ይወጣሉ። ክሩ አልቀበልም አለ ያለኝ ሰው ሳያብራራ የነገረኝ እውነት ነበር። ይህ ምላሽ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም አልቀበልም የሚል ክር እንዳለ ያወቅኩት በዚህ ነው፤ ግድግዳ ግን የሚቀቡትን ቀለም መርጦ እምቢ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

4ኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጂንስ ሱሪስ ብሎ ጠየቀ። አጭር ጥያቄ ነበር፤ ነገር ግን አስተያየቴን ያናወጠው እርሱ ነው። ባለሙያዋ በ5ኛው ምላሽ ተመልሳ እንዳስረዳችው፣ የጂንስ ድር በኢንዲጎ ይቀለማል፣ ማጉ ግን ነጭ ነው፤ የሱሪው ውስጥ ከውጩ የሚነጣውም ስለዚህ ነው። ኢንዲጎ በውሃ አይሟሟምና በኬሚካል ተለውጦ ወደ ክሩ ይገባል፤ ክሩ ከመንከሪያው ሲወጣ ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ ሆኖ፣ አየር ሲያገኘው ዓይን እያየ ሰማያዊ ይሆናል። መንከርና አየር ማስመታት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ሆኖም ቀለሙ በክሩ ዙሪያ እንደ ቀለበት ይቀመጣል እንጂ እስከ መሐሉ አይዘልቅም፤ ጉልበቱ ላይ ሲታሸ ነጩ ልብ ይወጣል። ታዲያ ማቅለም ማለት ወደ ውስጥ ማስገባት ነው ያልኩት ትርጉም ለጂንስ በግማሽ ብቻ ይሠራል። ተቀብያለሁ፤ ትርጉሜ ጠባብ ነበር።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ቁጣ ገባበት። 6ኛው ምላሽ የጻፉት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደጉ መምህር ናቸው። ማቅለም የቀድሞ ቃል ነው፣ እያጣነው ነው ማለቴ አናደዳቸው። ያላጣነውን አጣን ብሎ ማልቀስ የዘመኑ በሽታ ነው የሚል ከባድ አነጋገር ተጠቀሙ፤ ቀጥሎ ያሰፈሩት ግን ትምህርት ነበር። ቀለም በግእዙም በአማርኛውም አስቀድሞ የመጻፊያው ጥቁር ነው። በዐረብኛ ተመሳሳዩ ቃል ብዕሩን ይጠራል፤ እኛ ግን ለመጻፊያው ብርዕና ብዕር የሚል የራሳችን ስም ስላለን ቀለም ለፈሳሹ ቀረ። ጸሐፊው ጥቁሩን ከጥላሸት አዘጋጅቶ፣ ቀዩን ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ለይቶ፣ በመቃ ብዕር እየጠቀሰ ብራናው ላይ ያሰፍረዋል። ቀለሙ የሚቀመጠው በቀንድ ነው፤ የተማረ ሰው የቀለም ቀንድ የሚባለውም ዕውቀቱን እንደ ቀንዱ ሞልቶ ስለ ያዘ ነው። ቀለም ቀመስ፣ የቀለም ትምህርት፣ የቀለም አባት፣ ቀለሜ የተባለው ጎበዝ ተማሪ፣ ሁሉም ከዚህ ቀንድ የተቀዱ ናቸው።

መምህሩ ያሳረፉብኝ ምት ግን ከዚህ የሚከተለው ነው። ጸሐፊው ሲሳሳት ፊደሉን በስለት ፍቆ ያርመዋል፤ የሚፋቀውም ቀለሙ በብራናው ላይ እንጂ ውስጡ ስላልሆነ ነው። እንግዲህ የቃሉ እናት የሆነው የመጻፊያ ቀለም ራሱ ከመንከር ይልቅ ለመቀባት ይቀርባል፤ ማቅለም የሚለውን ግስ ለመንከር ብቻ የምትሰጪው በምን ሥልጣን ነው ብለው ጠየቁኝ። በተጨማሪም ማቅለም የፋብሪካና የመማሪያ መጽሐፍ ቃል እንጂ የገበያና የምድጃ ቃል እንዳልሆነ፣ ይህን የሚጠራጠር ካለ እናቱን ይጠይቅ ብለው ጨረሱ።

የተጠየቁት እናት መጡ። 7ኛው ምላሽ በክሩ ውስጥ ለእኔ ከሁሉ የተወደደው ነው። ጸሐፊዋ የሞሰብ ስፌት ሲሰፉ የኖሩ እናት ናቸው፤ ልጃቸው እየሰማች እንደ ጻፈችላቸውም አስቀድመው አሳወቁ። መምህሩ ስለ ቃሉ ያሉት ልክ ነው አሉ፤ በቤታቸው ማቅለም የሚል ሰው ኖሮ አያውቅም። አለላ ይነከራል ነው የሚባለው። ከዚያ አነካከሩን ነገሩን። አክርማ የሚባለው ሣር ይመረጣል፤ ወፍራሙና የተሰበረው ይለያል፤ በእጅ የሚጨበጥ ያህል ይታሰራል። ድስቱ ይጣዳል፤ ውሃው ሲፈላ ከገበያ የተገዛው የስፌት ቀለም ይበጠበጥበታል፤ እስሩም ይገባበታል። በእንጨት እየተገላበጠ ካልሆነ የታሰረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ማሰሪያው አንድ ጊዜ ይፈታና ቦታው ተቀይሮ ይታሰራል። የእኔ ነጭ ስፌት ይህን አስታውሷቸው እንደ ሆነ ጽፈዋል። የተነከረው በጥላ ይሰጣል እንጂ ፀሐይ ላይ አይወጣም፤ ፀሐይ ያገረጣዋል። አክርማ የነበረው ሣር ከድስቱ ሲወጣ ስሙም ተለውጦ አለላ ይሆናል፤ በስንደዶው ዙሪያ በወስፌ እየተጠቀለለ ሞሰብ የሚያጌጠውም በእርሱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የራሴን ሐሳብ ልጨምር። ቀለም ስለገባበት ብቻ ሣሩ ሌላ ስም የሚያገኝበት ቋንቋ ቀለም ስለ መጨመር ግድ የለውም ሊባል አይችልም። ግሱን ባንለየውም ውጤቱን በስም ለይተነዋል። እናታችን ሌላም ነገር አስታወሱን፤ አያታቸው ነከረች ሳይሆን ቀለም አገባች ይሉ ነበር። ቀለም ማግባት! ወደ ውስጥ ማስገባት የሚለውን ሐሳብ እኔ በብዙ ቃል ለማስረዳት ስለፋ፣ የአንዲት ባለ ስፌት አፍ በሁለት ቃል ብሎት ኖሯል። ለሐዘን ልብስ የሚገባውንም ጥቁር ከል እንደሚሉት፣ ባል የሞተባት ሴት ከል ለበሰች እንደሚባል፣ እናቴም የለበሰችው ከል መሆኑን ጽፈው እግዚአብሔር ያጽናት ብለው ተሰናበቱ።

ባለሙያዋ በመሐል ገብታ የገበያው ዱቄት ቀለም ከየት እንደ መጣ ጠቆመች። በ1856 እ.ኤ.አ. ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ለወባ የሚሆነውን ኪኒን በኬሚስትሪ ለመሥራት ሲሞክር ሐምራዊ ቀለም አገኘ፤ ከዚያ በፊት የልብስ ቀለም ከሥር፣ ከቅጠል፣ ከቅርፊት፣ ከነፍሳትና ከባሕር ፍጥረት ይወጣ ነበር። ይህ 8ኛው ምላሽ ነው።

9ኛው ምላሽ ጨካኝ ነበር። ጸሐፊው በቃል መጨቃጨቅ የጠገቡ ሰዎች ሥራ ነው አለ፤ ስለ ቀለም ማውራት ከተፈለገ ማቅለሚያው ውሃ የት እንደሚፈስ ይወራ አለ። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ጥቁር ውሃ ወንዝ የሚያመጣው ሁሉ ገብቶ እዚያው ይቀራል፤ በአሞራ ገደል ዓሣ የሚበላ ሰው ይህን ማሰብ አለበት። ከዚህ አልፎ 3ኛዋን ጸሐፊ ሙያዋን አንሥቶ ዘለፋት፤ የመድረኩ ኃላፊም ዘለፋውን አነሣው። ባለሙያዋ በ10ኛው ምላሽ ሳትቆጣ አልቀረችም፤ ነገር ግን በቁም ነገር መለሰች። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የፍሳሽ ውሃውን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት፣ ወደ ውጭም ፈሳሽ እንዳይለቅ ተብሎ የተሠራው በዚሁ ምክንያት እንደ ሆነ ገለጸች፤ ከማቅለም የሚወጣው ውሃ ጨውም ያልተያያዘ ቀለምም ስለሚይዝ፣ መጠየቁ ተገቢ መሆኑንና ሰው መዝለፉ ግን ተገቢ አለመሆኑን ጨመረች። እኔ ሁለቱንም አመሰግናለሁ። የሐይቁ ጉዳይ ከክሩ ወጣ ያለ ቢመስልም፣ ለቀቀ የሚለው ቃላችን ስለ ልብስ ብቻ የሚነገር እንዳልሆነ አሳይቶኛል፤ ከልብሱ የለቀቀው ቀለም የሚሄድበት ቦታ አለው።

11ኛዋ ጸሐፊ የሁላችንንም ጽሑፍ ካነበበች በኋላ ማንም ያላስተዋለውን ነገር አስተዋለች። እናቴ ቀሚሱን ስትሰጠኝ ቅቢልኝም፣ ንከሪልኝም፣ አቅልሚልኝም አላለችም፤ አጥቁረሽ አምጪልኝ ነው ያለችው። የአማርኛ ዋናው የማቅለሚያ ግስ ይህ ነው ስትል ተከራከረች። ቀለሙ ምን እንደ ሆነ ስናውቅ ጠቅላላውን ግስ ትተን ቀለሙን ራሱን ግስ እናደርገዋለን፤ እናጠቁራለን፣ እናቀላለን፣ እናነጣለን። ወጥ ቤት ውስጥ በርበሬ ወጡን ያቀላዋል፤ አልጫው ቢጫ እንዲል እርድ ጣል ይደረግበታል፤ ማንም ሴት ወጥ ቀለም ቀባሁ ወይም አቀለምኩ አትልም። ጠቅላላው ግስ የሚያስፈልገን ቀለሙ ያልተወሰነ ሲሆን ወይም ብዙ ቀለም በአንድ ቤት የሚሠራ ሲሆን ነው፤ ማቅለም በፋብሪካ የሰፈነውም ለዚህ ይሆናል። በዚህ ምላሽ መነሻ ጽሑፌን እንደገና አነበብኩት፤ ቃሉ ከመጀመሪያው በእናቴ አፍ ነበር፤ እኔ አልሰማሁትም።

12ኛዋ በፀጉር ሥራ ላይ ያለች ሴት ስትሆን የቀቢውን መለያ ወደ ሙያዋ ወሰደችው። ደንበኞቿ ሁሉ ፀጉሬን ቀለም ቀቢኝ ይላሉ፤ ነገር ግን የፀጉር ቀለም ሲሄድ ይለቃል እንጂ አይላጥም። ዘላቂ የሚባለው ቀለም አሞኒያው የፀጉሩን ቅርፊት ከፍቶለት፣ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ በመለያው መሠረት ማቅለም መባል ነበረበት። የጥፍር ቀለም ግን ይላጣልና መቀባቱ ትክክል ነው። ሒና ትቀባለች ይባላል፤ ሲደርቅ የሚነሣው ጭቃው ብቻ ነው፤ ቀለሙ ከቆዳው ጋር ቀርቶ ቀስ እያለ ይለቃል። እንሶስላ ደግሞ አይቀባም፣ አይነከርምም፤ ይሞቃል። ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር የሚያቀላው ይህ ተክል ሙቀትን በግሱ ውስጥ ይዞ የኖረ ብቸኛው ማቅለሚያችን ሳይሆን አይቀርም። ኩል እንኳ የራሱ ግስ አለው፤ ይኳሉታል። ጸሐፊዋ እንሶስላ ሞቀች ሲባል የማይገባቸው ወጣት ደንበኞች እየበዙ መምጣታቸው እንደሚያሳዝናት ጻፈች፤ እኔንም አሳዝኖኛል።

13ኛው ባጃጁን ቀለም ለማስነፋት ጥሩ ሠራተኛ እንዲጠቁሙት ጠየቀ፤ ሦስት ሰዎች መለሱለት፤ ነገሩም በዚያው አለፈ።

14ኛው ግጥም የሚጽፍ ሰው ነው፤ በግጥም ቀለም ማለት የድምፅ ምት እንደ ሆነ አስታወሰ። ነጠላው የሚለው ቃል አራት ፊደል ቢኖረውም ሲነበብ የመጨረሻው ሳድስ ስለሚዋጥ ሦስት ቀለም ብቻ ይቆጠራል፤ ወል ቤት በሚባለው የግጥም ዓይነት ስንኙ በስድስት ስድስት ቀለም ለሁለት ይከፈላል። ከጉዳዩ ርቋል ብለው የወቀሱት ነበሩ። እኔ ግን መምህሩ በቀንዱ ከጀመሩት ጋር አገናኘሁት፤ የመጻፊያው ፈሳሽ ለፊደል፣ ፊደል ለድምፅ፣ ድምፅም ለምት ስሙን አውርሷል።

15ኛው ምላሽ የመምህሩ ሁለተኛ ጽሑፍ ነው፤ ቃናው ተለውጦ ነበር። ቀለም ማግባት የሚለውን የባለ ስፌቷን አነጋገር ሲያነቡ ልጅነታቸው ትዝ እንዳላቸውና በመጀመሪያው ጽሑፋቸው ድምፃቸው ከፍ ማለቱን እንደሚጸጸቱበት ገለጹ። ከዚያ ሦስቱ ግሶች ከልብስና ከግድግዳ ወጥተው የት እንደሚደርሱ አመዛዘኑ። መቀባት እስከ ቅብዐ መንግሥት ይደርሳል፤ ንጉሥ ይቀባል። በሌላ በኩል የሰውን ስም ጥላሸት መቀባትም አለ፤ ያው ጥላሸት በጸሐፊው እጅ ቅዱስ መጽሐፍ ሲሆን በክፉ ሰው እጅ ስም ማጥፊያ ነው። መንከር ሰውየው እጁን በነገሩ ነከረ በሚለው ይታያል፤ የነከረ እጅ ከመቀባት ይልቅ አጥብቆ ይጠየቃል፤ ምክንያቱም ገብቶበታል። ማቅለም ግን እስካሁን ወደ ምሳሌያዊ አነጋገር አልዘለቀም። ገና በሥራ ላይ ያለ ቃል ነው፣ ሲያረጅ ይዘልቃል ሲሉ ጻፉ። ይህን አነጋገራቸውን ወድጄዋለሁ፤ ቃሉ የቀድሞ ነው ማለቴንም እዚህ ላይ አርሜያለሁ።

16ኛው እንደገና የባለሙያዋ ነው፤ ስለ ቀሚሱ ምክር ሰጠችኝ። ክሩን ለማጥቆር በቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር የለም፤ የሚያስፈልገው ሙቀት በድስት አይገኝም፤ ውሃ በተራ ድስት ከ100 ዲግሪ በላይ አይሄድም፤ በእኛ ከፍታ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ ይፈላል። ይልቁንስ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ነጩ ክር እንዲተረተርና በጥቁር ክር እንዲሰፋ መከረችኝ። ከዚያ በፊት ግን ቀሚሱን ለብቻው በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ውሃው ንጹሕ እስኪወርድ ድረስ ደጋግሜ እንዳጥበው አሳሰበችኝ።

17ኛው የራሴ ነው። ቀሚሱን ስድስት ጊዜ አጠብኩት። የመጀመሪያው ውሃ እንደ ቡና ጠቁሮ ወረደ፤ ሦስተኛው ወይን ጠጅ መሰለ፤ ስድስተኛው ጠራ። ከዚያ ገበያ አጠገብ ወደሚሠሩ አንድ አረጋዊ ልብስ ሰፊ ወሰድኩት። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ስፌቱን አዩና የተነከረ ነው አይደል አሉኝ፤ እኔም አዎ፣ የተነከረ ነው አልኳቸው። በምላጭ ጫፍ የጎኑን ስፌት አንድ በአንድ እየበጠሱ ተረተሩት። መጋጠሚያው ሲከፈት ከውስጥ የታጠፈው ጠርዝ ታየ፤ ጨርቁ በጨርቅ ላይ ተጫኖ ስለ ነበር ቀለሙ እዚያ እኩል አልደረሰም፤ በእጥፋቱ ውስጥ ከጥቁር ወደ አመድማ፣ ከአመድማ ወደ ነጭ የሚሄድ የጣት ስፋት ያለው መስመር ቀርቷል። ባለ ስፌቷ እናት ማሰሪያው ካልተፈታ ነጭ ይቀራል ያሉትን በዓይኔ አየሁት። ልብስ ሰፊው ነጩን ወደ ውስጥ መልሰው፣ ጥቁር ክር አድርገው ሰፉት።

እናቴ ቀሚሱን ለብሳ ስታየው ስፌቱን በእጇ ዳሰሰችው። ከውስጥ ነጭ የቀረ ቦታ እንዳለ ነገርኳት። ጎኑን ገልብጣ አየችውና ይኑር፣ እርሳቸው የገዙት ያ ነው አለችኝ።